የማጽናኛው ቃል ሲያልቅ፦ የዋርሶው ረቢ ከፈጣሪ ጋር የገጠሙት ሙግት

ረቢ ቃሎኒሙስ ቃልማን ሻፒራ የፖላንድ አይሁዳዊ ናቸው። በ1889 ተወለዱ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዘራቸው ከሐሲዳውያን ረቢዎች ነው። ሐሲዳውያን ፈጣሪን በጸሎት፣ በዜማና በደስታ ማገልገልን የሚያስቀድሙ የአይሁድ ወገኖች ናቸው። አባታቸው የሞቱባቸው ገና የሦስት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። በ1909፣ በሃያ ዓመታቸው፣ ከዋርሶ ወደ ደቡብ በምትገኘው በፒያሴችኖ ከተማ የተከታዮቻቸው ረቢ ሆኑ። በ1923 ደግሞ ዋርሶ ውስጥ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ከፈቱ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ስማቸው የሚነሳው በትምህርት ነበር። በ1932 ለተማሪዎች ብለው አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ልጅን በዱላና በቁጣ ማስተማር አያዋጣም፤ ራሱን እንዲያከብርና ራሱን እንዲያስተምር ማድረግ ነው የሚሻለው ይላሉ። ይህን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ኋላ በ1942 ከፈጣሪ ጋር ሲሟገቱ አንጀታቸውን የሚበላው የልጆቹ ነገር ነው።

እሳቸውን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ስለ ሆሎኮስት (ናዚ ጀርመን አይሁዳውያንን ስለጨረሰበት እልቂት) እና ስለ እምነት የምናነበው አብዛኛው ጽሑፍ የተጻፈው ነገሩ ካለፈ፣ ጸሐፊውም ከተረጋጋ በኋላ ነው። የሳቸው ግን እሳቱ መሀል ሆነው በየሳምንቱ የጻፉት ነው። ቅዳሜ ለሰንበት በተሰበሰበው ሰው ፊት በይዲሽ፣ በምሥራቅ አውሮፓ አይሁዳውያን ቋንቋ፣ ይሰብካሉ። በሰንበት መጻፍ ስለማይፈቀድ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ ያሉትን በዕብራይስጥ ያሰፍሩታል። በዚህ መልክ ከ1939 መስከረም እስከ 1942 ሐምሌ ድረስ የተሰበከው ደርሶናል። ስለዚህ የአንድ አማኝ ሐሳብ ከጊዜ ወደ ጊዜ እንዴት እንደተለወጠ፣ የቱ ጋ እንደተሰነጠቀ፣ እያንዳንዱን ቀን እያየን መከታተል እንችላለን። እንዲህ ያለ ማስረጃ በሌላ ቦታ ብዙም አይገኝም።

ቤቱ ላይ የወረደው

በሴፕቴምበር 1939 ጀርመን ፖላንድን ወረረች። ሴፕቴምበር 25 ዋርሶ ላይ ቀኑን ሙሉ ቦምብ ዘነበ። የረቢው አንድ ወንድ ልጅ፣ ኤሊሜሌክ ቤንጽዮን፣ በዚያ ድብደባ ክፉኛ ቆሰለ። ሆስፒታል ወሰዱት። ምራታቸውና ሌላ የቅርብ ዘመዳቸው ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ ሌላ ቦምብ ወድቆ ገደላቸው። ሴፕቴምበር 29 ልጁም ሞተ።

ባለቤታቸውን በ1937 ቀብረዋል። ልጃቸው ከሞተ ከሦስት ሳምንት በኋላ እናታቸውም አረፉ። እሳቸውና አንዲት ሴት ልጃቸው ብቻ ቀሩ።

ልጁ የሞተው የዳስ በዓል በገባ በሁለተኛው ቀን ነው። በአይሁድ ሕግ ደግሞ በበዓል ለቅሶ አይቀመጡም። ሰባቱ የሐዘን ቀናት መቆጠር የሚጀምሩት በዓሉ ሲያልፍ ነው። ይባስ ብሎ የዳስ በዓል በኦሪት በግልጽ «ደስ ይበልህ» ተብሎ የታዘዘበት በዓል ነው። እንግዲህ ሕጉን የሚያከብር ሰው የሞተ ልጁን ይዞ በዓል ማሳለፍ አለበት። እሳቸው ሕጉን የሚያከብሩ ሰው ነበሩ።

የሳራ ክስ

ኖቬምበር 4 ቅዳሜ፣ ልጃቸው ከሞተ አምስት ሳምንት ገደማ ሆኖታል። የሳምንቱ የኦሪት ንባብ ዘፍጥረት 23 ላይ ይጀምራል፤ ሳራ በ127 ዓመቷ የሞተችበት ምዕራፍ ነው። ከሱ በፊት ያለው ምዕራፍ አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ ቢላዋ ያነሳበት ነው። የጥንቱ ተርጓሚ ራሺ የሁለቱን ታሪኮች መከታተል ሲያስረዳ፣ ሳራ ልጇ ሊታረድ ትንሽ ቀርቶት እንደነበር ሰምታ ነፍሷ ወጣች ይላል።

ረቢው ከዚህ ተነሱ። መጀመሪያ ከሪማኖቩ ረቢ ሜናሔም ሜንዴል የወረሱትን ትምህርት ጠቀሱ። ታልሙድ፣ የጥንት የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትምህርት ስብስብ፣ መከራን ከጨው ጋር ያነጻጽራል። ጨው ሥጋን ያጣፍጣል። ሲበዛ ግን ምግቡን አይበሉትም። መከራም ሰው ሊሸከመው በሚችል ልክ ተመጥኖ መምጣት አለበት።

ቀጥለው ሙሴን አመጡ። ሙሴ እነዚህን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ለሕዝቡ ሊማልድ ነው አሉ። ሳራን የምታክል ጻድቅ እንኳ ካልቻለችው፣ እኛ ከየት አምጥተን እንችለዋለን ለማለት።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንም ሰባኪ ሊለው ይችላል። ከዚህ በኋላ ያሉትን ግን ደግሜ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ሳራ ራሷ አውቃ ነው የሞተችው አሉ። ሐዘኑን እስከ ሞት ድረስ ወደ ልቧ ያስገባችው ለፈጣሪ ለማሳየት ነው፤ የእስራኤል ልጅ ይህን ያህል መከራ ሊጫንበት አይገባም ብላ። በፈጣሪ ምሕረት በሕይወት የተረፈውም ቢሆን አልተረፈም። ከጉልበቱ፣ ከአእምሮው፣ ከመንፈሱ አንድ ነገር ተሰብሮ ቀርቷል። ሙሉ መግደልና ግማሽ መግደል ምን ልዩነት አላቸው? ይህን ጥያቄ ለማቅረብ ከታልሙድ የሕግ ክርክር የተወሰደ አባባል ነው የተጠቀሙት። የፍርድ ቤት ቋንቋ ነው።

እኛ ለቅሶ ቤት ስንሄድ የምንለው ይታወቃል። «እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሳ።» ሐዘንተኛው ምርር ብሎ «ምን በደልኩ?» ካለ ደግሞ «ተው፣ አታማርር» ብለን አፉን እናስይዘዋለን። ቃሉ የኢዮብ ነው። የሚገርመው ኢዮብ ይህን የተናገረው መጽሐፉ ገና ሲጀመር ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ብዙ ምዕራፎች ሙግት ናቸው። እኛ የመጀመሪያዋን መስመር ወስደን ሌላውን እንዘለዋለን። ረቢ ሻፒራ አልዘለሉትም።

ደግሞ ይህን ሲሰብኩ ስለ ራሳቸው ልጅ አንዲት ቃል አላነሱም። በአጠቃላይ ከስብከቶቹ ውስጥ «ናዚ» የሚል ቃል አታገኙም። ዜና የለም፣ የመኮንን ስም የለም። ሁሉም ነገር በሳምንቱ ንባብ ውስጥ ተሸፍኖ ነው የሚነገረው። አድማጩ ግን ስለ ሳራ ሲወራ ስለማን እንደሚወራ ያውቃል።

ጌቶው ውስጥ

ኖቬምበር 1940 ላይ ጀርመኖች የዋርሶን አይሁዳውያን በግንብ አጥረው ዘጉባቸው። ከ400,000 በላይ ሰው 3.4 ካሬ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ቦታ ታጨቀ። ትሬብሊንካ የሚባለው የሞት ካምፕ ስም ሳይሰማ፣ እስከ 1942 አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ፣ 83,000 ያህል ሰው በረሀብና በበሽታ አለቀ። ጄልና መንገድ ቁጥር 5 የሚገኘው የረቢው ቤት ጸሎት ቤትም፣ ለተራበ ሾርባ የሚታደልበት ቦታም ሆነ።

በዚህ ጊዜ ስብከታቸው መልስ ለመስጠት ይሞክራል። መጀመሪያ አካባቢ የኃጢአት ቅጣት የሚለው የቆየ መልስ ብቅ ይላል። እየቆየ ይደበዝዛል። ለምን እንደደበዘዘ መገመት አይከብድም። ደጃፉ ላይ የተራበ ሕፃን ለተኛበት ሰው ስለ ሕፃኑ ኃጢአት መስበክ አይቻልም።

ረቢው ዙሪያቸው ያለው ሰው እምነቱ እየተናጋ መሆኑን አልደበቁም። በ1941 ዲሴምበር፣ በሐኑካ በዓል፣ ፊት ለፊት አነሱት። ሰዎች «እንዲህ ያለ መከራ በዓለም ታይቶ አያውቅም፤ ታዲያ እንዴት እንመን?» ይላሉ። የረቢው መልስ የመምህር መልስ ነው፤ ትንሽ ቆጣ ያለም ይመስላል። ቤተ መቅደስ ሲፈርስ፣ አይሁዳውያን በሮም ላይ ያመፁባት ምሽግ ቤታር ስትወድቅ ምን እንደሆነ ስታነቡ ኖራችኋል፤ ያን ጊዜ እምነታችሁ አልተነካም፤ አሁን ምን የተለየ ነገር መጣ? የአሁኑም ቢሆን ከዚህ ቀደም የደረሰ ነው። እንዲህ ነበር ያሉት።

እዚህ ላይ ከሳቸው ጋር አልስማማም። በመጽሐፍ የተነበበ መከራና ደጅ የቆመ መከራ እኩል አይደሉም፤ ከሁለት ዓመት በፊት በሳራ ስብከት ይህን ከማንም በላይ የተናገሩት ደግሞ ራሳቸው ናቸው። ግን የሐኑካውን ስብከት ያዙልኝ፤ በኋላ ይፈለጋል።

የውስጠኛው ክፍል

በ1942 መጀመሪያ ድምፁ ተለወጠ። ፌብሩዋሪ 14 በተሰበከው ስብከት ውስጥ «ታይቶ አይታወቅም አትበሉ» የሚለው ተቆጪ መምህር የለም።

በአይሁድ ትውፊት ስለ አሥሩ ሰማዕታት የሚነገር ታሪክ አለ። ሮማውያን ታላላቅ መምህራንን እያሰቃዩ ሲገድሉ መላእክት «ኦሪትን የጠበቀ ዋጋው ይህ ነው?» ብለው ጮኹ። ከሰማይም «ሌላ ድምፅ ከሰማሁ ዓለምን ወደ ውኃ እመልሳታለሁ» የሚል መልስ መጣ። ረቢው ታሪኩን ይዘው ወደ ጌቶው ገቡ። ያኔ አንድ ጩኸት ዓለምን ሊያጠፋ ነበር። ዛሬ ንጹሐን ሕፃናት፣ አይሁዳዊ ስለሆኑ ብቻ፣ ይታረዳሉ። ጩኸታቸው ጠፈሩን ሞልቶታል። ዓለም ግን ወደ ውኃ አልተመለሰችም። ፈጣሪን ነገሩ ያልነካው ይመስል ባለችበት ቆማለች። እንዴት?

ይህን ከአትሮንስ ላይ የሚናገር የሃይማኖት አባት አስቡ። «ያልነካው ይመስል» ሲሉ ወዲያው «ያርቅልን» የምትል ቃል ጣል ያደርጋሉ። ያችን ቃል ቢጥሉም ጥያቄው ያው ነው።

የሰጡት መልስ ከታልሙድ የተወሰደ ነው። ፈጣሪ የሚያለቅስበት ስውር ክፍል አለው ይላል ታልሙዱ። ሌላ ጥንታዊ ትረካም አለ፤ ቤተ መቅደስ ሲፈርስ አንድ መልአክ «አንተ አታልቅስ፣ እኔ ላልቅስልህ» ብሎ ለመነ፤ ፈጣሪም «ካልተውከኝ አንተ ወደማትገባበት ገብቼ አለቅሳለሁ» አለው። ረቢው ይህንን ገጣጠሙት። የፈጣሪ ሐዘን ወሰን የለውም። ዓለም ወሰን አላት። ከዚያ ሐዘን ጥቂት እንኳ ወደ ዓለም ቢያፈተልክ ዓለም አትቆምም። ስለዚህ ሐዘኑን ደበቀው። ዝም ያለ የሚመስለን ለዚህ ነው።

ማርች 14 ላይ ሐሳቡን ገፉበት። መልአክ ወደማይገባበት ክፍል ሰው ሊገባ ይችላል አሉ። መግቢያው ኦሪትን ማጥናት ነው። ሰው ለብቻው ሲያለቅስ ልቅሶው ሊሰብረው፣ ምንም መሥራት እስኪያቅተው ሊያደቀው ይችላል። ከፈጣሪ ጋር አብሮ ሲያለቅስ ግን እያለቀሰ ይበረታል። ተሰብሮም ቢሆን ለማጥናትና ለማስተማር አቅም ያገኛል።

እንደ ማስረጃ ካየነው ይህ መልስ ጎደሎ ነው። መከራው ለምን እንደመጣ አይናገርም። ሁሉን ቻይ የሆነው ለምን እንዳላስቆመው አይናገርም። «አብሮህ ያዝናል» ብቻ ነው የሚለው። እኔ እንደማስበው ረቢው ይህን ያውቁታል። «ለምን?» የሚለውን መመለስ ትተው «የት ነው ያለው?» ወደሚለው የዞሩት ለዚህ ይመስለኛል። በራበው ሕዝብ መሀል የሚያስኬደው ጥያቄ ሁለተኛው ነበር።

ማስታወሻው

ጁላይ 18 ቀን 1942 የመጨረሻው ስብከት ተሰበከ። ከቲሻ ብአቭ በፊት ያለው ሰንበት ነው፤ ቲሻ ብአቭ ቤተ መቅደስ የፈረሰበት፣ ሰዎች መሬት ላይ ተቀምጠው ሰቆቃወ ኤርምያስ የሚያነቡበት ጾም ነው። መከራን መስማትና መከራን በዓይን ማየት አንድ አይደሉም የሚል ነገር አለበት። ልብ አድርጉ፤ ከሰባት ወር በፊት «ስታነቡት አልነበረም ወይ?» ያሉት ሰው ናቸው።

ጁላይ 22፣ በዚያው ጾም ዋዜማ፣ ጀርመኖች የጌቶውን ሕዝብ በባቡር ወደ ትሬብሊንካ ማጋዝ ጀመሩ። በሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 265,000 ያህል ሰው ተወሰደ። የረቢው ሴት ልጅ ኦገስት ላይ ተወሰደች። እሳቸው ፋብሪካ ውስጥ በግዳጅ ሥራ ተመድበው ቀሩ። ስብከት አልሰበኩም። ሰሚውም አልነበረም።

ኖቬምበር 27 ቀን 1942፣ ዓርብ፣ የ1941 የሐኑካ ስብከት ያለበትን ወረቀት አውጥተው አንድ ማስታወሻ ጨመሩበት። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። እስከ 1942 አጋማሽ የደረሰው መከራ ከዚህ ቀደምም የነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነው ግን፣ እነዚያ ነፍሰ ገዳዮች ለኛ የፈለሰፉት አሰቃቂ የአሟሟት ዓይነት፣ በምናውቀው የእስራኤል ታሪክ በሙሉ አቻ የለውም። ማስታወሻው የሚያልቀው በልመና ነው፤ ፈጣሪ ይማረን፣ በዓይን ጥቅሻ ከእጃቸው ያውጣን።

አንድ የተከበረ መምህር በራሱ ስብከት ላይ «ተሳስቼ ነበር» ሊል ትንሽ የቀረው ማስታወሻ ነው። ስብከቱን አልሰረዙትም። እንዳለ ትተው ከጎኑ ጻፉ።

ተመራማሪዎች የሚከራከሩት እዚህ ላይ ነው። አንዳንዶች እምነታቸው እዚህ ጋ ተሰብሯል ይላሉ። በአይሁድ አስተሳሰብ መከራ ሁሉ ከቀድሞው መከራ ሰንሰለት ውስጥ ይገባል፤ ግብፅ፣ ባቢሎን፣ ሮም። ይህኛው አይገባም ማለት ሰንሰለቱን መበጠስ ነው። ሌሎች ደግሞ የመጨረሻዋን መስመር ያሳያሉ፤ እምነቱ የጠፋ ሰው አይለምንም።

እኔን ከጠየቃችሁ የተሰበረ ነገር አለ። የተሰበረው ግን ማብራሪያው ነው። ከ1939 እስከ 1942 ባለው ጊዜ ረቢው ማብራሪያ በማብራሪያ ሲተኩ ቆይተዋል። የጨው ልክ አሉ፤ ልኩ ታለፈ። ከዚህ ቀደም ደርሷል አሉ፤ ያልደረሰ መጣ። አብሮን ያለቅሳል አሉ፤ ከዚያ በኋላ ልጃቸው ተወሰደች። ኖቬምበር ላይ የሚያቀርቡት ማብራሪያ የላቸውም። ክሱን የሚያቀርቡበትን ግን አልቀየሩም። በሳራ አንደበት የተከሰሰውና በማስታወሻው መጨረሻ የተለመነው አንድ ነው። አብርሃምም ስለ ሰዶም ሲከራከር «የምድር ሁሉ ፈራጅ በቅን ፍርድ አይፈርድምን?» ያለው ለራሱ ለፈራጁ ነው። ይህ መንገድ በአይሁድነት ውስጥ የቆየ ነው፤ ረቢው የፈጠሩት አይደለም። እሳቸው ማንም ባልሄደበት ርቀት ሄዱበት።

የወተት ቆርቆሮ

ጌቶው ውስጥ የታሪክ ምሁሩ ኢማኑኤል ሪንገልብሉም የሚመሩት «ኦይኔግ ሻበስ» የሚባል ምስጢራዊ ቡድን ነበር። የሚደርሰውን ሁሉ መዝግቦ ይቀብራል። በ1943 መጀመሪያ ላይ ረቢው ጽሑፎቻቸውን ለዚህ ቡድን ሰጡ። አብረው ደብዳቤ አስገቡ። ያገኘው ሰው ቴል አቪቭ ለሚኖሩት ለወንድማቸው ለረቢ የሻያ ሻፒራ እንዲልክላቸው ለመኑ። በሚታተመው ላይ የወላጆቻቸው፣ የባለቤታቸውና የልጆቻቸው መታሰቢያ እንዲወጣም ጠየቁ። ደግሞ ፈጣሪ ምሮኝ ከቀሩት አይሁዳውያን ጋር ከተረፍኩ ጽሑፎቼ ይመለሱልኝ ብለው ጻፉ።

አልተረፉም። ከኤፕሪሉ የጌቶ አመፅ በኋላ ወደ ትራቭኒኪ ካምፕ ተወሰዱ። ኖቬምበር 3 ቀን 1943 ጀርመኖች የካምፑን እስረኞች በአንድ ቀን ሲፈጁ እሳቸውም እንደተገደሉ ይታመናል።

ወረቀቶቹ በትልቅ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ሆነው በኖቮሊፕኪ መንገድ ቁጥር 68 ሥር ተቀብረው ነበር። በዲሴምበር 1950 ተገኙ። ያን ጊዜ ወንድማቸውም በሕይወት የሉም፤ በ1945 አርፈዋል። ስብከቶቹን ከሞት የተረፉ ተከታዮቻቸው በ1960 እስራኤል ውስጥ «ቅዱስ እሳት» በሚል ርዕስ አሳተሟቸው። በ2017 ደግሞ ዳንኤል ራይዘር የተባሉ ተመራማሪ የእጅ ጽሑፉን ገጽ በገጽ መርምረው አዲስ እትም አወጡ። ስርዙ፣ ድልዙ፣ በኅዳግ የተጨመረው ሁሉ ወጣ። ሰውየው ስብከታቸውን አንዴ ጽፈው የሚተዉ አልነበሩም፤ ተመልሰው እያነበቡ ያርሙ ነበር።

ዛሬ ስማቸው ብዙ ይነሳል፤ አነሳሱ ግን ይከነክነኛል። «እምነታቸው ያልተናወጠ ጀግና» ማለት የሚፈልግ የማርቹን ስብከት ይጠቅስና ማስታወሻውን ይተወዋል። «ረቢው ራሱ ተስፋ ቆርጧል» ማለት የሚፈልግ ደግሞ ማስታወሻውን ያነብና ልመናው ጋ ሲደርስ ያቆማል። ማስታወሻዋ ግን ረጅም አይደለችም፤ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ደቂቃ አይፈጅም።